በፔንሲልቬንያ ደን ውስጥ በኮረኮንች፦ ከዌልስቦሮ እስከ ቼሪ ስፕሪንግስ

ሰሜን ፔንሲልቬንያን ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ዲሲና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ወደ ኒውዮርክ ስንመላለስ በፊላደልፊያ በኩል እናልፋለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተራራ የአዳኝና የዓሣ አጥማጅ አገር ነው ብለን ትተነዋል። ወንድም ጋሼና እኔ በዚህ ሰኔ በብስክሌት የዞርነው እሱን ነው። መንገዱ አብዛኛው ኮረኮንች ነው። ጫካው ቀኑን ሙሉ ቢነዳ አያልቅም። ሸለቆ ስትወርዱ አንድ ስቴት ፓርክ ታገኛላችሁ፣ ተራራውን ስትወጡ ደግሞ ሌላ።

ይዘን የሄድነው ግራቭል የሚባለውን ብስክሌት ነው። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ሰፋ ይላል፣ ማርሹም ለዳገት ይቀላል። የእኛ ጎማ 45 ሚሊ ሜትር ነበር። ለዚህ አገር ከዚያ የቀጠነ አልመክርም። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱን ግን በእኛ።

አርብ ማታ፣ ዌልስቦሮ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በ15 ቁጥር አውራ ጎዳና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዌልስቦሮ ትንሽ፣ ንጹህ ከተማ ናት። በዋናው መንገድ መሐል የተደረደሩት ፋኖሶች እስከ ዛሬ በጋዝ ነው የሚበሩት።

ዕቃ ሳናወርድ በቀጥታ ወደ ሊዮናርድ ሃሪሰን ስቴት ፓርክ ነዳን። ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉን ማየት ፈልገን ነበር። መግቢያው በነጻ ነው። የፔንሲልቬንያ ስቴት ፓርኮች የመግቢያ አያስከፍሉም። ሜሪላንድ ውስጥ በብዙዎቹ ፓርኮች በር ላይ ከፍለን ነው የምንገባው፤ ስለዚህ ወንድም ጋሼ የሚከፍልበትን ቦታ ሲፈልግ ትንሽ ቆየ።

ገደሉን እዚህ «የፔንሲልቬንያ ግራንድ ካንየን» ይሉታል። ትክክለኛ ስሙ የፓይን ክሪክ ሸለቆ ነው። ርዝመቱ 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ440 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ እኛ የቆምንበት ግን 250 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ደጀን ነው ያደግነው። የአባይ በረሃ ከደጃችን ይጀምራል፣ ቁልቁለቱም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ወንድም ጋሼ አጥሩን ተደግፎ ወደ ታች አየና «ይሄ ከአባይ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ።

ትንሽ ቆይቶ ግን ዝም አለ። ከእግራችን ሥር እስከ ማዶ ጫፍ ድረስ ዛፍ ያልሸፈነው መሬት አይታይም። ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። እኛ የምናውቀው ገደል ድንጋዩ ያገጠጠ ነው። አገር በቀል ዛፍ ያየነውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

ይበልጥ የገረመን ነገር ሌላ ነው። ይህ ደን የዛሬ መቶ ዓመት አልነበረም። መጀመሪያ ሄምሎክ የሚባለውን ትልቅ ጽድ መሰል ዛፍ ለልጣጩ ብለው ቆረጡት። ልጣጩ ቆዳ ማልፊያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ግንዱን እዚያው ጥለውት ይበሰብስ ነበር። ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ ገባና የቀረውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ተራራው ጉቶና አመድ ሆኖ ነበር፤ ሰዉም «የፔንሲልቬንያ በረሃ» ብሎ ይጠራው ጀመር። ስቴቱ ይህን የተጣለ መሬት ከ1898 ጀምሮ እየገዛ ማስጠበቅ ያዘ። የፓርኩን የመጀመሪያ መሬት በ1922 የሰጠው ሊዮናርድ ሃሪሰን ራሱ በእንጨት ሥራ የከበረ ሰው ነበር።

እራት ላይ ችግር ገጠመን። የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ወንድም ጋሼ ይጾማል፣ እኔ አልጾምም። ሰዓቱን እንኳ ለመንገደኛ ያቃልላሉ ብሎ ነፍስ አባቱን አስፈቅዷል። የምግቡ ዝርዝር ግን ከላይ እስከ ታች ሥጋና አይብ ነው። አስተናጋጇ ሳትሰለች አንድ በአንድ አስረዳችን። በመጨረሻ ቅቤ የሌለው የተጋገረ ድንች፣ ጥብስ ድንችና ሰላጣ አመጣችለት። 13 ዶላር ተከፈለ። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ስንቅ በደንብ አከበርነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ።

ቅዳሜ፣ በፓይን ክሪክ ሸለቆ እስከ ስሌት ረን

መኪናውን ትተን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። የመጀመሪያው ቀን መንገድ የድሮ ሐዲድ ነው። ባቡሩ በ1883 ሥራ ጀመረ፣ በ1988 ቆመ። ሐዲዱ ተነቅሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለበሰ። አሁን ከዌልስቦሮ አጠገብ ተነስቶ ጀርዚ ሾር እስከምትባለው ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ቁልቁለቱ አይታወቅም። ወደ ደቡብ ከተነዳ ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ያወርዳል።

አንሶኒያ የምትባለው ሰፈር እስኪደረስ ማሳና ረግረግ ነው። እዚያ ላይ ወንዙ በድንገት ወደ ደቡብ ታጥፎ ተራራው ውስጥ ይገባል። መታጠፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ፓይን ክሪክ ድሮ የሚፈሰው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነበር። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበረዶ ግግር ያመጣው አፈርና ድንጋይ መንገዱን ዘጋበት። ውኃው ተጠራቅሞ ወደ ደቡብ ሞላ፣ ተራራውንም እየበላ ይህን ገደል ቆፈረ። ይህን እያሰብኩ ስነዳ ሁለቱን ግድግዳ በሌላ ዓይን አየሁት።

ከአንሶኒያ እስከ ብላክዌል 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ መኪና የሚያቋርጥበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ስልክ አይሠራም። ካርታውን አስቀድመን ስልካችን ላይ አውርደን ነበር፣ ይህ ግዴታ ነው። አልፎ አልፎ ሽንት ቤትና የእንጨት አግዳሚ አለ። ከቀኝ ወንዙ ይሰማል፣ ከግራ ከአለቱ ውኃ ይንጠባጠባል። ራሰ ነጭ ንስር ከፊታችን ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ሄደ። ኦተር የሚባለው የውኃ እንስሳም በዚህ ወንዝ ውስጥ አለ፤ ጠፍቶ የነበረውን በ1980ዎቹ መልሰው ለቀቁት። እኛ ግን አላየነውም።

ያየነው እባብ ነው። ከብላክዌል አለፍ ብሎ፣ መንገዱ መሐል ላይ፣ ተጠምጥሞ ፀሐይ ይሞቃል። ጅራቱን አንቀጫቀጨው። ወንድም ጋሼ ፍሬኑን ጨምቆ ቆመና እጁን ዘርግቶ እኔንም አስቆመኝ። ከኦሃዮ የመጡ አንድ አዛውንት ሴት ከወዲያ በኩል መጥተው ቆመው ነበር። «ተዉት፣ ራሱ ይሄዳል። አገሩ ነው» አሉ በረጋ ድምፅ። ይህ እባብ መርዘኛ ነው፣ ግን ሰው ካልነካው አይነካም፤ ሕግም ይጠብቀዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅነው። ቀስ ብሎ ወደ ሣሩ ገባ። የሚቀጥለው ማረፊያ ስሙ «የእባብ አለት» መሆኑን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴዳር ረን ላይ አንድ የድሮ ሱቅ አለ። በበረንዳው የተቀመጠው ሰው ሁሉ አይስክሬም ይዟል። እኔም በ5 ዶላር ገዛሁ። ወንድም ጋሼ በሶውን በውኃ ጠርሙስ በጥብጦ ጠጣ። አጠገባችን የተቀመጡ ብስክሌተኞች ምን እንደሆነ ጠየቁት። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው ሲላቸው አንዱ ቀመሰና የት እንደሚገዛ ጻፈ።

ስሌት ረን ስንደርስ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተናል። ለክፍሉ 140 ዶላር ከፈልን። ቤቱ የዓሣ አጥማጆች ነው። በረንዳው ላይ ረጃጅም የጎማ ቦቲዎች ተሰቅለዋል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ትራውት ዓሣ ነው። አንዱ ከያዘው ሊያካፍለን ፈለገ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ከአባታችን ዘመን ጀምሮ የተዘጋ ነው፤ አይበላም። ወንድም ጋሼ እጅ ነስቶ አመሰገነ።

ከሰዎቹ መካከል ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የገጠር መንገድ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ነገ በደን መንገድ ወደ ላይ እንደምንወጣ ስንነግራቸው ፊታቸው በራ። «መንገዱ ጥሩ ነው። የተሠራው ግን ለእናንተ አይደለም። ለዓሣው ነው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፔንሲልቬንያ የስቴት ዓሣ ብሩክ ትራውት ነው። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። በየጅረቱ ዳር ያለው የጠጠር መንገድ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ታጥቦ ውኃው ውስጥ ይገባል። ደለሉ ዓሣው እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍነዋል። ይህን ያዩ ዓሣ አጥማጆች ጮኹ። በ1997 ሕግ ወጣ። ለአፈርና ለጠጠር መንገድ ጥገና በየዓመቱ ገንዘብ ይመደብ ጀመር፤ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ለመንገድ ሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጥ ማዕከል አቋቋመ። የሚያነጥፉት ድንጋይ ልዩ ነው። ከትልቁ ጠጠር እስከ ዱቄቱ ድረስ በልክ የተመጠነ ነው፣ በሮለር ሲጨፈለቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። መንገዱን መሐሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርገው ይሠሩታል። ውኃው አንድ ቦይ ውስጥ ተጠራቅሞ ጉልበት ከማግኘቱ በፊት በየተወሰነ ርቀቱ በቱቦ ወደ ጫካው ይበተናል።

ወንድም ጋሼ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ሽማግሌውን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አልለቀቃቸውም። እኔ ሄጄ ተኛሁ።

እሑድ፣ ወደ ኦሌ ቡል

ከስሌት ረን መውጣት ከባድ ነው። ከሸለቆው ወለል እስከ አምባው አናት 400 ሜትር ገደማ ይወጣል። ግን ደስ የሚል ዳገት ነው። ጅረቱ ከጎን ይወርዳል፣ ሄምሎኩ ጥላውን ጥሏል። የሄምሎክ ጥላ ነው ውኃውን በበጋ የሚያቀዘቅዘው። ሽማግሌው የነገሩንን ሁሉ ወንድም ጋሼ እየቆመ ያሳየኛል። «ይኸውልሽ ቱቦው። ይኸውልሽ፣ ውኃውን ወደ ጫካው ለቀቀው።» እውነትም ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ ጅረቱ ግን ጥርት ብሎ ጠጠሩ ይታያል። መንገዱ ላይ አንድ የታጠበ ቦይ አላየሁም። አገር ቤት ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ ተቦርቡሮ መኪና የሚቆምበትን ቦታ አስታወስኩ። ወንድም ጋሼ አንድ ቦታ ላይ ስልኩን አውጥቶ የቱቦውን አፍ፣ የድንጋዩን አደራደር፣ የመንገዱን ማጋደል ፎቶ አነሳ። ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ለሚሠራ ጓደኛው ሊልክ ነው። አላቻኮልኩትም፤ እያንዳንዱን ፎቶ ጠበቅኩት።

አናቱ ላይ ሌላ ዓለም ነው። አምባው ሜዳ ነው፣ ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ በሁለቱም በኩል አብቧል። የስቴቱ አበባ ነው። ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ነው። ኪሎ ሜትሮች ሙሉ በአበባ መሐል ነዳን። ያገኘነው መኪና ሁለት ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ የደን መንገድ ገና ያልተጠገነ ሆኖ አገኘነው። ድንጋዩ ትልቅና ስለታም ነው። ቁልቁለት ላይ የእኔ የኋላ ጎማ ፍንድት አለ። ጎማው ከጎኑ ተቀዷል፣ ካላማዳሪያው በቀዳዳው ብቅ ብሎ ነው የፈነዳው። ካላማዳሪያ መለወጥ ቀላል ነው፤ የጎማው ቀዳዳ ካልተዘጋ ግን አዲሱም ይፈነዳል። እዚያ ጎሚስታ የለም። ወንድም ጋሼ ከኪሱ የአንድ ዶላር ኖት አወጣ። አራት አጥፎ በጎማውና በካላማዳሪያው መካከል ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። የአሜሪካ ኖት ጥጥና ተልባ ስለሆነ እንደ ወረቀት አይቀደድም። ነፋነው። ያዘ። እስከ ጉዞው መጨረሻ ድረስ በዚያ ነው የነዳሁት።

ጎማውን ስንጨርስ ሰማዩ ጠቁሯል። አምባ ላይ መብረቅ ያስፈራል። አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ዝናቡ ወረደ፣ በረዶም ተቀላቀለበት። ከመንገዱ ዳር ትንሽ የእንጨት ጎጆ አየን። እዚህ አገር ብዙ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ የአደን ጎጆ አለው፤ መሬቱ የስቴቱ ሆኖ በኪራይ ይዘውት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በረንዳው ላይ አንድ ሰው ቆመው በእጃቸው ጠሩን። ገባን።

ፎጣ ሰጡን። ምድጃው ይነዳል። የአጋዘን ሥጋ ወጥ እየሞቀ ነበር፣ ሁለት ሳህን አወጡ። ወንድም ጋሼ ጾሙን አስረዳ። ሰውየው ቅር አላላቸውም። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዳቦ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የታሸገ ኮክ አወጡለት። «ይሄስ ይበላል?» ብለው እያንዳንዱን ይጠይቃሉ። ለእኔ ወጡን ሰጡኝ። ጨው አንሶት ነበር እንጂ ጥሩ ነው። በርበሬ አወጣንና ነሰነስንበት። እሳቸውም ቀመሱት፣ ደገሙት።

ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሏል። አያታቸው ከሌሎች እንጨት ቆራጮች ጋር ቆመዋል። ከጀርባቸው ያለው ኮረብታ መላጣ ነው፣ ጉቶ ብቻ። ሰውየው መስኮቱን አሳዩን። ኮረብታው ያው ነው። አሁን ዛፉ ሰማዩን ይጋርደዋል። «አያቴ ቆረጡት። አባቴ በ1930ዎቹ በመንግሥት ሥራ ተቀጥረው ዛፍ ሲተክሉና መንገድ ሲያወጡ ነበር። እኔ ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ» አሉን። በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን የነበረው የወጣቶች የደን ሠራዊት እነዚህን ፓርኮች አብዛኞቹን የገነባ ነው። እኔ ፎቶውንና መስኮቱን እያፈራረቅኩ ብዙ ቆየሁ። አንድ ሰው በሚኖርበት ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል ደን ይመለሳል ብዬ አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ስልካቸውን ጻፉልን። ገንዘብ ልንሰጥ ስንል እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የቀረንን በርበሬ ግማሹን ትተንላቸው ሄድን።

ኦሌ ቡል ስቴት ፓርክ ስንደርስ 11 ሰዓት ሆኗል። ኬትል ክሪክ የሚባለው ወንዝ መሐሉን ያልፋል። የፓርኩ ስም የኖርዌዩ ቫዮሊን ተጫዋች የኦሌ ቡል ነው። ሰውየው በዘመኑ በዓለም የታወቀ ነበር። በ1852 እዚህ መሬት ገዝቶ «አዲሲቱ ኖርዌይ» የሚላትን ሰፈር መሠረተ፣ ኖርዌጂያኖችን አምጥቶ አሰፈረ። አገሩ ተራራና ጠባብ ሸለቆ ነው፣ ለእርሻ አይሆንም። ዓመት ገደማ ቆይቶ ተበተነ። ከራሱ ቤት የቀረው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ኮረብታው ላይ ወጥተን አየነው።

የድንኳን ቦታው ከ30 ዶላር ትንሽ በታች ነበር፣ ማገዶ አንድ እስር 6 ዶላር። ሻወሩ ሙቅ ውኃ አለው። ወንድም ጋሼ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽሮ ሠራ፣ ድርቆሹን ፈርፍሮበት። ሽታው የጎረቤቱን ድንኳን ልጆች ሳበ። እናታቸው ይቅርታ ስትጠይቅ እሱ ማንኪያ አቀበላቸው።

ሰኞ፣ ቼሪ ስፕሪንግስ

ቀኑ አጭር ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው ሽቅብ። የሳስኩሃኖክ ስቴት ፎረስት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፣ የምንነዳው በመሐሉ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ እየወጣን ከበላዩ ሆንን።

አንድ ነገር ግን ቀኑን አበላሸው። በአንዱ የደን መንገድ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች የተፈቀዱበት ቦታ አለ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ጩኸቱም ጆሮ ያደነቁራል። ሰዎቹ ሲያልፉ ፍጥነት ቀንሰው እጅ ያነሳሉ፣ ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል አፋችንን በሻሽ አስረን ነው የነዳነው። በሥራ ቀን ይህን ያህል ከሆነ በቅዳሜና እሑድ በዚያ በኩል አልሄድም።

ቼሪ ስፕሪንግስ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ለደጋ ሰው ቆላ ነው፣ ለዚህ አካባቢ ግን ጣሪያ ነው። ስሙ የመጣው ብላክ ቼሪ ከሚባለው ዛፍ ነው፣ እንጨቱ ለውድ ዕቃ ይፈለጋል። ፓርኩ የታወቀው ግን በጨለማው ነው። በ2008 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል። በዙሪያው ከተማ የለም። ደኑ መብራቱን ከልሎታል። ማታ ነጭ መብራት ማብራት ክልክል ነው፣ ቀይ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የብስክሌታችንን የፊት መብራት በቀይ ፕላስቲክ ሸፈንነው።

በሰኔ ቀኑ ረጅም ነው፣ ጨለማው የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ነጻ ወደሆነው የሕዝብ መመልከቻ ሄደን ብርድ ልብስ አነጠፍን። ቅዝቃዜው የክረምት ነው፤ ያለንን ልብስ ሁሉ ለበስን። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘረጋ። አጠገባችን ከፒትስበርግ የመጣ አንድ ልጅ አባቱን «ደመና ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሜሪላንድ የተወለዱት የወንድም ጋሼ ልጆችም ይህን አይተው አያውቁም። ደጀን መብራት ሲጠፋ እኛ በየማታው ነበር የምናየው፤ እንደ ሀብት ቆጥረነው ግን አናውቅም። እሱ ለረጅም ጊዜ በጀርባው ተኝቶ አባታችን የሚጠሩበትን የኮከብ ስም አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ። ሦስቱን አገኘ።

ማክሰኞ፣ ላይማን ረን፣ ጋሊተን፣ መልስ

ጠዋት የወረድንበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከቼሪ ስፕሪንግስ ወደ ላይማን ረን ኮረኮንቹ ዛፍ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፔዳል መምታት አያስፈልግም። እጅ ግን ፍሬን ላይ ይደክማል። ላይማን ረን ስቴት ፓርክ ግድብ ያለው ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ዳሩ አሸዋ ነው። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ዋኘን። ውኃው ቢቀዘቅዝም የሞተሩ አቧራ ወጣልን።

ከዋና በኋላ ልብስ ስንቀይር ወንድም ጋሼ ጉልበቱ ሥር መዥገር አገኘ። ይህ በዚህ አገር ቀልድ አይደለም፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። በቀጭን ወረንጦ ከራሱ ይዘን ቀጥ አድርገን ነቀልነው፣ ቀኑንም ጻፍነው። በየማታው ገላን መፈተሽ ከጥርስ መቦረሽ እኩል መያዝ አለበት።

ጋሊተን የድሮ የእንጨት ከተማ ናት፣ መሐሏ ላይ ኩሬ አላት። ባቄላ ሾርባና ዳቦ በላን፣ ሁለታችን 22 ዶላር ከፈልን። ሾርባው ውስጥ ሥጋ እንደሌለ ምግብ ሠሪዋ ራሷ ወጥታ አረጋገጠችልን።

ከጋሊተን እስከ አንሶኒያ 6 ቁጥር አስፋልት ነው። የጉዞው ደካማ ክፍል ይሄ ነው። ዳሩ ሰፊ ቢሆንም ግንድ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ፣ ነፋሳቸው ብስክሌቱን ይገፋል። ጉልበት ያለው ሰው በኮልተን ፖይንት ስቴት ፓርክ በኩል በደን መንገድ ወጥቶ ገደሉን ከምዕራብ ጫፍ አይቶ ቢወርድ ይሻላል። እኛ ግን የዶላሩ ጎማ አላስተማመነንም። አንሶኒያ ላይ ሐዲዱን ስናገኝ ተነፈስን። ከሰዓት በኋላ መኪናችን ጋ ደረስን።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ልጨምር። ለጎማው ጎን መቀደድ መጠገኛ ያዙ፣ ካላማዳሪያ ሁለት ሁለት ይኑራችሁ፣ ካቴናውን ከዝናብ በኋላ ዘይት ቀቡት። ውኃ ማጣሪያ ከያዛችሁ ጅረት የማይገኝበት ቦታ የለም። ሱቅ ግን ጥቂት ነው፣ ቀድሞ ይዘጋል፣ ስለዚህ የሁለት ቀን ስንቅ ይኑራችሁ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ቼሪ ስፕሪንግስን ለማየት ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ሸለቆው እጅግ ያምራል ይላሉ፣ አልጋ ግን ከወራት በፊት ነው የሚያዘው። ኅዳር ማለቂያ ላይ የአጋዘን አደን ስለሚጀመር ብርቱካናማ ሰደርያ ሳትለብሱ ወደ ደኑ አትግቡ።